እንግዳ ሲመጣ የሚነሣ ጂን

አክስቴ ቶይባ ያበደች ዕለት እኔ በአባቴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሸንኮራ እመጥጥ ነበር። የመርሳ ገበያ ደርቷል። ግመሉ፣ ፍየሉና ሰዉ አስፋልቱን ዘግቶት፣ ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ መንገድ ይለምናል። ድንገት ጥሩምባው ተቋረጠ። ቀጥሎ ሽንኩርት ሻጮቹ ዝም አሉ። ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ለሁለት ተከፈለ።

እሷ በመሀል ትመጣለች። የለበሰችው ከጥቁር የጃንጥላ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ስንት ጃንጥላ እንደፈረሰለት እንጃ። ሽቦዎቹን አላወጣቻቸውም። ከወገቧ ጀምረው ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ በተራመደች ቁጥር ቀሚሱ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ይከፈትና መልሶ ይከደናል። እጅጌዎቹ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ናቸው፤ የፈረንጅ ፊደሉ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ተዘቅዝቆ ይወርዳል። አንገቷ ላይ የተቆለለው ደግሞ ከተበላሸ ካሴት የተመዘዘ ክር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃ ይመስላል።

«አዑዙ ቢላህ!» አለ አንዱ።

«የዘይነባ እህት አይደለችም እንዴ?»

«ምስኪን፣ ጂን ነክቷታል።»

ቶይባ ማንንም አላየችም። ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ላንድሮቨሩን ተደግፎ ከቆመው ከካድሬው ከጓድ ደሞዜ ፊት ስትደርስ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወጥራ ከፈተችውና ከጉሮሮዋ የሰው ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ጓድ ደሞዜ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከመኪናው በር ጋር ተላተመ። ከሕዝቡ መሀል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሰውየው ፊቱ ደም መስሎ መኪናው ውስጥ ገባና፣ «ይችንማ ለራሳችሁ!» ብሎ ሄደ።

እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰውየውን ንዴትም ሆነ የሰዉን ሳቅ ልብ አላልኩትም። የማየው ልብሱን ብቻ ነበር። ጂን እንዲህ ያለ ነገር የሚያስለብስ ከሆነ እኔንስ በያዘኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ሸንኮራዬም ከእጄ ወድቆ ፍየል በላው።

ቶይባ የእናቴ የዘይነባ ታናሽ እህት ናት። ደሴ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተምራ፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ይዛ እኛ ቤት ከገባች ብዙም አልቆየችም ነበር። እኔ «እታለም» እላታለሁ። ከማበዷ በፊት ጓድ ደሞዜ እየተመላለሰ ቤታችን ይመጣል። ከወልድያ የሚመጣ ካድሬ ነው፤ ኪሱ ከረሜላ አያጣም፣ ጉንጬን ይቆነጥጠኛል። አባቴ አብዱልሐሊም እሱ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣና እስኪወጣ ድረስ አይቀመጥም። ይህን ትልቅ አክብሮት አድርጌ ነበር የማየው።

«እህታችሁ እጇ ወርቅ ነው» ይላል ጓድ ደሞዜ። «የኪነት ቡድናችን ለአብዮት በዓል ልብስ ያስፈልገዋል። ወልድያ ወስደን ቤት እንሰጣታለን። ለአብዮቱ ነው።»

«ሴት ልጅ ብቻዋን...» ይላል አባቴ።

«አብዱልሐሊም፣ ነጋዴ ነህ። ነጋዴ ሲባል በምን ዓይን እንደሚታይ ታውቃለህ። አታስቸግረን።»

እኔ መጋረጃው ኋላ ቆሜ፣ እታለም በላንድሮቨር ወልድያ ስትሄድ እኔንም እንድትወስደኝ ዱዓ አደርጋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ውባለም እንደዚሁ ለኪነት ተብላ ሄዳ ነበር። ወፍራ ተመለሰች። እኔ የወልድያ ምግብ ተስማምቷት ነው ብዬ ቀናሁባት። እናቷ ግን ከዚያ ወዲያ ውሃ ልትቀዳ እንኳ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረች፤ ውባለምንም ደጅ ላይ ያያት የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴና እታለም ጓዳ ሆነው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ታማለች አልኩት» ትላለች እናቴ። «ምኗን ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ጂን አልኩት። በዓይኔ ካላየሁ አለ። በገበያ ቀን እመጣለሁ አለ። ቶይባዬ፣ ወላሂ ሌላ መላ የለንም። ፀጉርሽን አንጨባረሽ፣ አመድ ነስንሰሽ...»



«አመድ አልነሰንስም» አለች እታለም። «ካበድኩ አይቀር በገዛ እጄ ላብድ።»

ከዚህ ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረችው «ጂን» የምትለዋ ቃል ናት። በዚያ ሳምንት የስፌት መኪናው ድምፅ አላቋረጠም። የሱቁ ቶሎ የማይሸጡ ጃንጥላዎች አንድ በአንድ ከመደርደሪያው ጠፉ፤ አባቴም ማን ወሰዳቸው ብሎ አልጠየቀም።

ከገበያው ቀን በኋላ እታለም የኋላ ክፍል ገባች። አባቴ በሩ ላይ ከውጭ መቀርቀሪያ አስመታ። ክፍሏ ወደ ጓሮ የምታይ አንዲት ጠባብ መስኮት አላት፤ በእሷ በኩል የሚታየው የጎረቤት የጭቃ ግድግዳና፣ ከግድግዳው በላይ የሀብሩ ተራራ ጫፍ ነው። «ፀሐይ አይስማማትም፣ ሰው አይስማማትም» ተባልኩ። ምግብ የማስገባው እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ቀን ሳህኑን ይዤ ስገባ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ የጆንያ ስፌት ትፈታለች።

«ለይላዬ፣ ነይ። ይህን ክር ያዥልኝ።»

ድምፁ የእታለም ድምፅ ነው። ዓይኗም የእሷው ነው። ዙሪያዋን አየሁ፤ ጂኑ የለም። ተኝቶ ይሆናል ብዬ ክሩን ቀስ ብዬ ያዝኩ።

ጂኑን ያገኘሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የሰፈር ሴቶች ሊጠይቁ መጡ። የጫማቸው ኮቴ ጓሮ ሲሰማ እታለም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች፣ ፀጉሯን ፈታች፣ ግድግዳውን መቧጠጥ ጀመረች። ሴቶቹ በበሩ ቀዳዳ አይተው «አላህ ይማርሽ» እያሉ ወጡ። ኮቴው ሲርቅ ፀጉሯን መልሳ ሸብ አድርጋ መርፌዋን አነሣች። ስለዚህ ሕጉን አወቅሁት፦ ጂኑ የሚነሣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳ የሚጠላ ጂን ነው። ይህን ግኝቴን ለእናቴ ብነግራት በእጇ አፌን ከደነችው።

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ለማንም!»

«ጂኑ ይሰማል እንዴ?»

«አዎ» አለች እናቴ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። «ጂኑ ይሰማል።»

አሁን አርባዎቹን ተሻግሬ፣ ወልድያ ቢሮ የምሠራ ሴት ሆኜ ሳስበው፣ እናቴ አልዋሸችኝም። የሚሰማ ነገር ነበር። በየቀበሌው ጆሮ ነበረው። እታለም ደህና ናት የሚል አንድ ቃል ከእኛ ግቢ ቢወጣ፣ መንግሥትን አታለላችሁ ተብሎ አባቴ ከሱቁ ወደ እስር ቤት፣ እሷም ወደ ላንድሮቨሩ ነበር የምትሄደው።

በዚያ ክፍል ውስጥ የተሠራውን ልብስ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጨርቅ የሚባል ነገር ስላልነበራት ያገኘችውን ትሰፋ ነበር፦ ጆንያ፣ የሽንኩርት መረብ፣ ያረጀ አጎበር፣ ፋሻ፣ የፍየል ቆዳ ቁራጭ። ሦስት እጅጌ ያለው ጃኬት ሰፋችልኝ። «ሦስተኛው ለምንድን ነው?» ስላት፣ «ማን ያውቃል፣ የሚያስፈልግሽ ቀን ይመጣ ይሆናል» አለችኝ። ሁለት ሰው አብሮ የሚለብሰው ካፖርት ሠራች፤ የእኔ ግራ እጅና የእሷ ቀኝ እጅ በአንድ እጅጌ ይገባል። እሱን ለብሰን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንዞር፣ አንዳችን ካልታጠፍን ሌላችን መታጠፍ አንችልም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨን እስኪያመን እንስቃለን። ስፌቱን ገልብጣ በውጭ የምታስኬድበት ጊዜ ነበር። «ሰው ሁሉ ስፌት ይደብቃል። ልብሱን ያቆመው እሱ ሆኖ ሳለ ለምን ይደበቃል?» ትለኛለች፤ እኔ ምን እንደምትል አላውቅም፣ ግን እስማማለሁ። ተልባ አፍልታ በውሃው ጨርቅ ትነክራለች፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይቆማል። ቀንድ ያለው፣ ደረጃ ያለው፣ እንደ ጎመን በቅጠል በቅጠል የሚገለጥ ልብስ አይቻለሁ። ያየነው እኔ፣ እሷና እናቴ ብቻ ነን። እናቴም ቢሆን አታይም ነበር፤ ሳህን ልትወስድ ስትገባ ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች።

ለሰው ዓይን ሲባል ሼህ ኢስሐቅ እየመጡ ቁርኣን ይቀሩባት ነበር። ጥርሳቸው የወለቀ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ቀርተው ሲጨርሱ ከአልጋው ሥር የወጣውን የልብስ ጫፍ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አባቴን ጠርተው፣ «ይህ ጂን ልብስ ይወዳል። ጆንያ አትንፈጉት» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ባዶ ጆንያ አይሸጥም፤ ሁሉንም ወደ ኋላ ክፍል ያስገባል። እኔም ሼሁ ከጂኑ ጋር የተደራደሩ መሰለኝ። ሼሁ ያወቁትን እያወቁ ዝም ያሉ ሰው መሆናቸው የገባኝ ከሞቱ በኋላ ነው።

ጓድ ደሞዜ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ሲባል እኔ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ወሬውን ይዤ እየሮጥኩ በበሩ ቀዳዳ ነገርኳት። እታለም መቀሱን አስቀምጣ ተነሣች፣ ሻሿን አስራ በሩን ከውስጥ መታች።

«ዘይነባ! ሄደ አይደል? ክፈቺልኝ!»

እናቴ መጣች፤ ግን መቀርቀሪያውን አልነካችውም።

«ቶይባዬ፣ ትንሽ ታገሺ። ዛሬ ሄደ፣ ዛሬ ዳነች ይባላል? ትንሽ ይርሱሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪረሱሽ።»

«ዘይነባ፣ እኔ ራሴን እየረሳሁ ነው! ደሴ ስደጂኝ። ደሴ ማንም አያውቀኝም። ጌታዬ የነበረው ሰፊ ይቀበለኛል።»

«እንዳበደች ሴት በመኪና ጭኜ ልስደድሽ? ሰው ምን ይላል?»

እታለም በሩ ሥር ተቀመጠች። ከዚህ በኩል እናቴም ተቀመጠች። በመሀላቸው ሳንቃ ብቻ ነበር። እኔ ጂኑ እንዲረሳት እየለመኑት መሰለኝና እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።

ሰው ግን አልረሳም። ልጆች በጓሯችን ሲያልፉ ድንጋይ ይወረውራሉ። እናቶች ልጅ ሲያለቅስ «ቶይባን እጠራታለሁ» ይላሉ። ወራቱ ሄደው ዓመት ሆኑ፣ ዓመቱም ተከታይ አመጣ። ከሰው ዓይን ሊያስጥላት የተሠራ ውሸት ራሱ ሰው ሆኖ መንደር ውስጥ ይዞር ጀመር። ቤተሰቤ እሷን ለማስወጣት የታየው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ መዳር።

ሰውየው አማን ይባላል፤ ጊራና ላይ ማሽላና ሰሊጥ የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት። «ታማ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ ድናለች» ተብሎ ተነገረው። እሱም ሽማግሌዎች ልኬ ላሳይ አለ።

«አላገባም» አለች እታለም።

«አግብተሽ ብትወጪ አይሻልሽም?» አላት አባቴ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ይለምናታል። «ይህን ክፍል እስክትሞቺ ልትኖሪበት ነው?»

«ከዚህ ክፍል ወደዚያኛው ክፍል መሄድ መውጣት ነው?»

አባቴ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን ብቻ ነግሯት ሄደ።

እታለም ያን ሰሞን እንደ በሽተኛ ሠራች። ነጭ የዱቄት ከረጢቶችን አጥባ፣ ፈትታ፣ ቀጣጠለቻቸው። እኔ ተልባ አፈላለሁ፣ ጨርቅ እይዛለሁ። «ለሠርግሽ ነው?» ስላት፣ «ለእንግዶቹ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቂ የለ?» አለችኝ። ፈራሁ። ይህች ሴት ልትድን ሲባል ጂኑ መልሶ ሊነሣባት ነው ብዬ አለቀስኩ። እሷም እንባዬን በአጎበር ቁራጭ ጠርጋ፣ «አብሽሪ» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

እንግዶቹ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎችና የአማን እናት፣ እመት ሁሪያ። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ እድሜያቸውን ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሥራ ፈትተው እንኳ ክር ያሾራሉ። ሻይ ቀረበላቸው። እናቴ «አሁን ትመጣለች» እያለች ትዞራለች። እናቴ ለእታለም የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ ሰጥታት ነበር።

እታለም ግን በሰማያዊ ቀሚስ አልመጣችም።

ነጩ ልብስ በበሩ አልገባ ብሎ በጎኗ ዞራ ነው የገባችው። በአንድ ወገን መሬት ይጠርጋል፤ በሌላው ወገን ጉልበቷ ላይ ቆሞ የታችኛውን ሱሪዋን ያሳያል። ከጀርባዋ እጥፋት በእጥፋት ላይ እየተደረበ፣ እንደ ተራራ እርከን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከራሷ በላይ በቀጭን ጫፍ ያልቃል። ስፌቱ ሁሉ በቀይ ክር፣ በውጭ። ክፍሉ የጠበበ መሰለ። እታለም አንገቷን አዘንብላ ያንን የገበያውን ድምፅ ከጉሮሮዋ አወጣች።

ሽማግሌዎቹ በአንድነት ተነሡ። አንደኛው የሻይ ብርጭቆውን ጣለ። «ድናለች አላላችሁም?» ብሎ አባቴ ላይ ጮኸ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እታለም እያጓራች ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረበች፤ እነሱ ወደ በሩ አፈገፈጉ። ጋብቻው እዚያው ሊፈርስ ነበር።

እመት ሁሪያ አልተነሡም። ልብሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት።

«ልጄ» አሉ፣ ከማንም ጋር እንዳልሆኑ ሁሉ፣ «ይችን ጥግ እንዴት አዞርሻት?»

የእታለም ማጓራት ቆመ።

እታለም ወደ ታች አየቻቸው። ፊቷ ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የበራ ነገር ነበር።

«በሰያፍ ቆርጫት ነው» አለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። «ቀጥታ ቢቆረጥ ይጎተታል። በሰያፍ ቆርጬ፣ በተልባ ውሃ ነክሬ፣ እርጥብ እንዳለ አጥፋታለሁ። ሲደርቅ አይላቀቅም።»

«ክሩስ? ቋጠሮው የታለ?»

«ቋጠሮ የለውም፣ እናቴ። መልሶ በራሱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ ይዩት፣» አለችና ተንበርክካ እጥፋቱን ገልጣ አሳየቻቸው። «ይኸኛውን ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። እምቢ ብሎኝ ነበር።»

እመት ሁሪያ በጣታቸው ስፌቱን ተከትለው ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች አናታቸውን አጋጥመው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል፣ ስለ ክርና ስለ እጥፋት አወሩ። እኛ ሁላችንም ቆመን እንሰማለን። ከብዙ ጊዜ በኋላ እመት ሁሪያ ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን አዩ።

«ተቀመጡ። ልጅቱ ጤነኛ ናት። ያበደ ሰው ሠርቶ ፈትቶ አይሠራም» አሉ። «ቀኑን ቁረጡ።»

እታለም እንደ ተንበረከከች ቀረች። አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ያንን ድምፅ ልታመጣው የሞከረች ይመስለኛል፤ አልመጣላትም። እኔ ግን ዘልዬ አጨበጨብኩ። ጂኑ እመት ሁሪያን ፈርቶ ወጣ! አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ «እታለም፣ ዳንሽ! ዳንሽ!» አልኳት። እሷም እኔን አቅፋ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ አየሁ ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ ተናገርኩ።

ጊራና ተዳረች። እመት ሁሪያ መልካም አማት ነበሩ፤ አልመቷትም፣ አላስራቧትም፣ የስፌት መኪናዋንም አልከለከሏትም። «ጥሩ እጅ አለሽ። አሁን የሰው ልብስ ስፊ» ነው ያሏት። ነጩ ልብስ ተፈትቶ ታጠበና ልጆቿ ሲወለዱ መጠቅለያ ሆነ። የኋላ ክፍሉን እናቴ አጽድታ እህል አስገባችበት፤ ሌሎቹ ልብሶችም እንደገና ጆንያ ሆኑ።

ባለፈው ዓመት ጊራና ሄጄ አየኋት። ሽበት ወርሷታል። ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የአካባቢው ተማሪ ሁሉ የእሷን ስፌት ለብሶ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ከሌላው በምንም አይለይም። ያን ቀን ያየሁትንና የገባኝን ነገርኳት፤ የጂኑ ነገር እያሳቃት እውነቱን አንድ በአንድ ያረመችልኝ እሷ ናት። በመጨረሻ ስፈራ ስቸር ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ትንሽ ብትታገሺ እኮ ሊሄዱ ነበር። በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ለእመት ሁሪያ ለምን መለስሽላቸው?»

የመኪናውን እጀታ ማዞር አቆመች። ጨርቁን በመዳፏ አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች።

«ያን ሁሉ ዓመት» አለች፣ «ሰው ሁሉ በዚያ በር እየመጣ ምን ሆነሽ ነው ያለኝ፤ አንቺም ሳትቀሪ። እንዴት ሠራሽው ያለኝ ግን አልነበረም።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ጸጸት ፈልጌ አጣሁ። «ጠየቁኝ እኮ፣ ለይላ። እንዴት ዝም እላለሁ?»